ሌባውን ስንፈልግ እርስ በርስ እንዳንጠፋፋ

በገዳሪፍ ከተማ፣ በኡም ራኩባ፣ በቱናይድባ፣ በባብክሪ፣ በፋሽጋ የእርሻ ቦታዎች፣ እንዲሁም አገር ቤትና በሌላው ዓለም ያላችሁ ዘመዶቼ ሁሉ ሰላማችሁ ይብዛ። ዛሬ ስለ ካርድ እድሳትም ሆነ ስለ ራሽን አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሌባ ነው። ባለፈው ኸሪፍ በእኛ ሰፈር ብቻ አምስት የስደተኛ ቤቶች ተሰርስረዋል። ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ሰዎች ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «መምህር፣ ምን እናድርግ? ሌባውን በእጃችን ካገኘነውስ?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ስላስጨነቀኝ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ቡና እያፈላችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ገዳሪፍን ለማታውቁ ዘመዶቻችን ቤታችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በከተማው ያለን አብዛኞቻችን የምንኖረው «ሆሽ» በሚባል ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ በውስጡ አምስትና ስድስት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቤተሰብ ይኖራል። ግድግዳው ጭቃ ወይም የጭቃ ጡብ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውኃው የጋራ፣ የውጭው በር ቁልፍም የጋራ ነው። ማታ በሩን የሚቆልፈው መጨረሻ የገባ ሰው ነው፤ መጨረሻ የገባው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ሌባም እንደ ገበሬ ወቅት አለው። በሐሩሩ ወራት ክፍል ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ዓንገሬባችንን አውጥተን ደጅ እናድራለን። ያን ጊዜ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ስልክም ትራስ ሥር ነው። ኸሪፍ ሲገባ ደግሞ ወደ ውስጥ እንገባለን። የገዳሪፍ መሬት እንደኛው አገር ዋልካ ነው፤ የጭቃው ግድግዳም ውኃ ሲጠጣ በብረት ሲነካ ይፈርሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው አጠገባችሁ ቢቆፍር አይሰማም። አያቶቻችን «ቤት ሰርሳሪ» የሚሉት ሌባ ይህን ጊዜ ይወደዋል። ሦስተኛው የሌባ ወቅት የሰሊጥ አጨዳ ነው። ወንዶቹ ወደ እርሻው ይወጡና ግቢው የሴቶችና የሕፃናት ይሆናል። ሌባ ይህን ለማወቅ ካላንደር አያስፈልገውም፤ ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪና ላይ የሚሳፈሩትን መቁጠር ይበቃዋል።

«ታዲያ ገንዘብ ለምን ቤት ታስቀምጣላችሁ?» ትሉናላችሁ። የት እናስቀምጠው? የባንክ ሒሳብ ለመክፈት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ያለን የስደተኛ ካርድ ብቻ ነው፣ እሱም ጊዜው ያለፈበት። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሽንኩርት እንኳ ሲገዛ በስልኩ በባንካክ ይከፍላል። እኛ በሰው ስም በተከፈተ ባንካክ እንለምናለን፣ ካልሆነም በጥሬ ብር እንኖራለን። በዲሴምበር 2024 መንግሥት የ500 እና የ1000 ጊኔ ኖቶችን ሲቀይር የሆነውን አትረሱትም። አሮጌው ብር ባንክ ካልገባ ዋጋ የለውም ተባለ። ሒሳብ የሌለው ስደተኛ ያጠራቀማትን ይዞ «እባክህ በስምህ አስገባልኝ» እያለ ሰው ሲለማመጥ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ብሩን ከሰው እጅ ይልቅ ከሣጥን ማስቀመጥ የመረጠ ብዙ ነው። ሌባውም ይህን ያውቃል።

ፖሊስስ? ፖሊስ ጣቢያ መሄድ መብታችን ነው። ነገር ግን ከካምፕ ውጭ ያለ ፈቃድ የሚኖር ስደተኛ «ተሰረቅሁ» ብሎ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሌባው አይደለም፤ ስለ ካርዱ ነው። ከሻ የሚለውን ቃል የማያውቅ ስደተኛ ሱዳን ውስጥ የለም። ከሻ የፈራ ሰው ክስ አይመሠርትም። የተሰረቀ ሰው የማይከስበት ሰፈር ደግሞ ለሌባ ገነት ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ ስለ ቤት መዘረፍ ከሌላው ሰው በላይ እናውቃለን። አንዳንዶቻችን በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል በለበስነው ልብስ ወጥተናል። አንዳንዶቻችን በ2021 ከጎንደር ቆላ በጋላባት በኩል መጥተናል። አንዳንዶቻችን ከዚያ በኋላ። ሁላችንም የቤት ቁልፍ በኪሳችን ይዘን ነው የተሻገርነው፤ ቁልፉ እስከ ዛሬ አለ፣ በሩ ግን ይኑር አይኑር አናውቅም። በፋሽጋም በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ሲገባ ለዓመታት ያረሱት ወገኖች ቤታቸውንና የደረሰ ሰብላቸውን ጥለው ወጥተዋል። ካርቱም የነበሩት ደግሞ ሁለተኛውን አዩ። አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ፤ የታጠቁ ሰዎች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ መኪናውን፣ ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ በመጨረሻም ከግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦውን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ሱዳናውያን «ሸፍሸፋ» የሚሉት ይህንን ነው። ዲሴምበር 2023 ላይ ዋድ መደኒ ሲያዝ፣ በ2024 ክረምት መግቢያ ሲንጃ ሲያዝ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። አሁን በአንድ ሰፈር የተዘረፈ ሱዳናዊና የተዘረፈ ሐበሻ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖራለን።

ይህን ያነሣሁት ለሐዘን አይደለም። ሁለት ጊዜ የተዘረፈ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ሲሰረቅ እንደ ሌላው ሰው አይናደድም። ለጦሩ ያልደረሰው፣ ለሚሊሻው ያልደረሰው ንዴት ሁሉ በዚያች ሌሊት በተያዘው ልጅ ላይ ያርፋል። ይህ በእኛ ግቢ ሊደርስ ምንም አልቀረው ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሰዎቹን ስምና ሰፈሩን ግን አልጠራም።

በግቢያችን ቡና እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ እህት አለች። 22 ሰው የገባበት የሐበሾች ዕቁብ አለን፤ በየሳምንቱ 25 ሺህ ጊኔ እንጥላለን። በስምንተኛው ሳምንት ዕጣው ለእሷ ወጣ፤ 550 ሺህ ጊኔ ማለት ነው። ዕጣው የወጣው ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ ነው፤ እልልታው እስከ መንገድ ተሰምቷል። የቤት ኪራይ ልትከፍል፣ የትልቋን ልጅ የትምህርት ክፍያ ልትጨርስ፣ በተረፈው ከሰል በጅምላ ልትገዛ አስባለች። በሦስተኛው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስትነሣ ከአልጋዋ እግርጌ ያለው ግድግዳ አንድ ሰው በሚያሾልክ መጠን ተቦርቡሯል። ሣጥኑ የለም። ሣጥኑ ውስጥ ብሩ፣ የልጆቹ የልደት ወረቀትና የአራቱም የስደተኛ ካርድ ነበረ።

ልቅሶው እንደ ሞተ ሰው ልቅሶ ነበር። እስከ ረፋድ ድረስ ግን ልቅሶው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «የሚያውቅ ሰው ነው ያደረገው» ተባለ። «ከግቢው ያልራቀ ነው» ተባለ። በግቢያችን በር አጠገብ ካለው ራኩባ ሥር የሚያድር አንድ የ17 ዓመት ልጅ አለ። ከካምፕ ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ ቀን ጡብ የሚሸከም፣ ማታ እኔ ዘንድ ሒሳብ የሚማር ልጅ ነው። ለግቢው እንደ ዘበኛ ነበር፤ ደመወዙ ማደሪያው ነው። «ዘበኛ ሆኖ እንዴት አልሰማም?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ስድስት ጎረምሶች ገመድ ይዘው መጡ።

መጀመሪያ ከልጁ ፊት የቆሙት የቤቱ ባለቤት ሐጃ ናቸው። ሱዳናዊት ናቸው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። «በቤቴ ሰው አይታሰርም፣ አይመታምም። ልጁን የምትፈልጉት በእኔ በኩል አልፋችሁ ነው» አሉ። ጎረምሶቹ አፈሩ። ነገሩ ግን አልበረደም፤ ማታ የዕቁቡ ሰዎች በሙሉ ተሰበሰብን።

በስብሰባው አንድ አባት «እንደ አገራችን አውጫጭኝ እናድርግ» አሉ። ወጣቶቹ አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ስላላወቁ እዚያው ማስረዳት ነበረብኝ። እዚህም ላስረዳ፣ ምክንያቱም ቃሉን ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁታል። ድሮ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። አፈርሳታም ይባላል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰው ሁሉ ይምላል፣ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃል። ስሙን ሳይገልጽ የሚጠቁም ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ሥራው አይሄድም፤ ካልተገኘ ደግሞ ጉዳቱን አገሩ በሙሉ ተካፍሎ ይከፍላል። ሌላም ነበር፤ ሌባሻይ። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ እንደጠፋ እግዜር ይወቀው፤ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ።

ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አልኩ፦ «የምትፈልጉት አውጫጭኝ ከሆነ እሺ። ጠዋት የታየው ግን ሌባሻይ ነው። ያን ልጅ የመረጣችሁት በማስረጃ አይደለም። ድሃ ስለሆነና ዘመድ ስለሌለው ነው።» አንዳንዱ ተቆጣ። አንዱ «መምህር ተማሪው ስለሆነ ነው የሚያደላለት» አለ። ስለዚህ ስለ ልጁ ጠባይ ማውራቱን ትቼ ስለ ግድግዳው አወራሁ።

የእህታችን ክፍል የኋላ ግድግዳ የግቢው የውጭ ግድግዳም ነው፤ ከኋላው ኾሩ፣ ማለትም በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ አለ። የተቦረቦረው አፈር የተከመረው ከውጭ ነው። ከውስጥ የሚቆፍር ሰው አፈሩን ወደ ራሱ ስለሚስብ ክምሩ ከአልጋው ሥር ይገኝ ነበር። ከዚያም ሐጃ ፈለግ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ ከጎረቤት አስመጡ። በዚህ አገር ከብትና ግመል ሲጠፋ ፈለግ አንባቢ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ሽማግሌው በኾሩ ዳር ያለውን ዋልካ በባትሪ እያዩ ሁለት ሰው ከታች በኩል እንደመጣ፣ አንዱ ባዶ እግሩን ሌላው በሲፊንጃ እንደሆነ፣ ሲመለሱ የአንደኛው እግር ጠልቆ እንደገባ አሳዩን። ጠልቆ የገባው ሸክም ስለያዘ ነው። የልጁ ራኩባ ያለው በሌላው ጫፍ፣ በበሩ በኩል ነው። በዚያ ዝናብ ከኾሩ በኩል የሚመጣ ድምፅ ሊሰማው አይችልም፤ ከልጇ ጋር እዚያው ክፍል የተኛችው እናትም አልሰማችም።

«እሺ፣ እሱ ባይቆፍርም ጠቁሟል» አለ አንዱ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው። አንዱን በር ስትዘጋበት በሌላው ይገባል። «ዕጣው ለእሷ መውጣቱን ማን ያውቅ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። 22 አባላት፣ የየቤተሰቦቻቸው ሰዎች፣ በመንገድ እልልታውን የሰማ ሁሉ። ከዚያም አንዷ ልጅ በዚያው ቀን የዕቁቡን ፎቶ ከነብሩ በፌስቡክ ላይ እንደለጠፈች አስታወሰች። ያየው ሰው ብዛት ከስብሰባው ሰው ይበልጥ ነበር። የሚያውቅ ሁሉ ሌባ ከሆነ 22ታችንም ገመዱ ይገባናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ገመድ የሚል ሰው አልተነሣም።

የተገኘውን ልንገራችሁ። ሌባው አልተያዘም። ብሩም አልተገኘም። ወረቀቶቹን ግን በአምስተኛው ቀን ከኾሩ በታች እረኛ ልጆች አገኟቸው፤ ሁለቱ ካርዶች ይነበባሉ፣ የልደት ወረቀቶቹ ግን ገንፎ ሆነዋል። ልጁም ከግቢያችን ወጣ። ማንም አላስወጣውም፤ «መምህር፣ ሰው በየዕለቱ ሲያየኝ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ» ብሎኝ ለሰሊጥ አረም ወደ ፋሽጋ በኩል ሄደ። አልፎ አልፎ ኔትወርክ ሲያገኝ የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። መልሱን እልክለታለሁ። ትምህርቱን ግን አቋርጧል።

የዕቁቡ ጉዳይም ቀላል አልነበረም። እህታችን ዕጣዋን ስለወሰደች የቀሩትን 14 ሳምንታት በየሳምንቱ 25 ሺህ መክፈል አለባት። ብሩን ያልበላ ሰው ዕዳውን እንዴት ይክፈል? አንዳንዱ «ዕቁብ ዕቁብ ነው፣ ሐዘን ሌላ ነው» አለ፤ እሱም የራሱ ቸገር አለበት። ክርክሩ ሁለት ማታ ወሰደ። በመጨረሻ ዕቁቡ ዙሩን እስኪጨርስ እሷ እንዳትጥል፣ የጎደለውን በየሳምንቱ ዕጣ የሚደርሰው ሰው እንዲታገሥ፣ እሷም ከዙሩ በኋላ ቀስ በቀስ እንድትመልስ ተስማማን። አራት ሰዎች አልተስማሙም፤ ሙሉ ድርሻቸው ተጠበቀላቸው፣ ቂምም አልተያዘባቸውም። ከአውጫጭኝ የወረስነው ጥሩ ነገር ቢኖር ይኼ ይመስለኛል፦ ሌባው ሲጠፋ ጉዳቱን አገሩ ይካፈላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያሳፍር ስለሆነ ብዙ አናወራውም። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ወደ እኛ አገር የገቡ ስደተኞች አሉ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ነበሩ። እኛ ከመተማ ወደዚህ፣ እነሱ ከገላባት ወደዚያ፣ በአንድ መንገድ ተላልፈናል። እዚያ ታጣቂዎች ሌሊት እየገቡ ስልካቸውንና ብራቸውን ቀሟቸው፣ ሰው አገቱ፣ ተኮሱ። በሜይ 2024 መጀመሪያ ከአውላላ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች «እዚህ ከምንሞት በእግራችን እንሂድ» ብለው መጠለያውን ጥለው ወጡ፤ ሩቅ ሳይሄዱ ተይዘው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለወራት ቆዩ። ያን ወሬ የሰማን ቀን የእኛ ሐጃ ምንም አላሉንም። እሳቸው የእህታቸው ልጅ እዚያ መጠለያ ነበረ። ያንን እያወቁ ነው ለእኛው ልጅ ከዘራቸውን ይዘው የቆሙት። «ሐበሾች ሌቦች ናቸው»፣ «ሱዳኖች ሌቦች ናቸው» የምትሉ ወገኖች ይህን አስቡ። ሌባ ድንበር የለውም፤ ደግ ሰውም የለውም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በግቢያችን የጀመርነውንና የሠራልንን ልጻፍ፤ ለእናንተ የሚሆነውን ውሰዱ።

1ኛ፦ የውጭውን ግድግዳ ከሥሩ አጠናክሩ። ሌባ የሚቆፍረው ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ነው። እኛ ከባለቤቷ ተስማምተን ድንጋይና የተሰበረ ጡብ ከሥሩ ደርድረን ለሰንነው። ከኋላ በኩል የእሾህ ቅርንጫፍ ከመርን። ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው። አልጋችሁን ከውጭው ግድግዳ ጋር አታስጠጉ፤ ሣጥንም እንደዚሁ።

2ኛ፦ ለበሩ ባለ ተራ ይኑር። በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ የቆለፋ ኃላፊ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው አንኳኩቶ ይገባል። ጓጉንቸሩ ሲሰበር ወይም ተከራይ ሲለወጥ ወዲያው ይቀየራል።

3ኛ፦ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይነሣል። መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባትሪ፣ ፊሽካና ጩኸት ይበቃል። ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችሁ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። እኛ ብቻችንን ሌሊት ዱላ ይዘን ብንዞር ሌባውን ሳይሆን ከሻን ነው የምንጠራው።

4ኛ፦ የወረቀቶቻችሁን ሁሉ ፎቶ አንሡና ለምታምኑት ዘመድ ውጭ አገር ላኩ። ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ወረቀት። ዋናውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ሌባ ብር ነው የሚፈልገው፤ ወረቀት አብሮ የሚሄደው አንድ ሣጥን ስለሆነ ነው።

5ኛ፦ ስልክ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ስትጫኑ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ጻፉት። የተሰረቀ ስልክ ገበያ ላይ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ከመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚሸጥ ስልክም አትግዙ። የጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል፤ እናንተንም በሌብነት ያስይዛል።

6ኛ፦ ዕቁብ ሲወጣ እልልታው ይቅር፣ ቡናው ይበቃል። ፎቶ አይለጠፍ። ብሩ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ወደ ሥራ ይግባ፤ ኪራይ ይከፈል፣ ዕቃ ይገዛ። የሚተርፈው በሁለትና በሦስት ቦታ ይከፈል።

7ኛ፦ ሌባ ከተያዘ አትምቱት። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አትምቱት። የምትመቱት ልጅ ሌባ ላይሆን ይችላል። ሌባ ቢሆንም እጃችሁ ላይ ቢሞት ስደተኛ የገደለው ሰው ጉዳይ እንደ ስርቆት አይዘጋም፤ ሰፈሩ በሙሉ ይባረራል። የሰፈሩን ሽማግሌዎችና ባለቤቱን ጥሩ፣ በቀን፣ በምስክር ፊት ለሕግ አስረክቡ። ካርድ የሌለው ሰው ከመክሰሱ በፊት ካርድ ካለውና አረብኛ ከሚችል ሰው ጋር ይሂድ፤ የኮሚቴያችን ሰዎች አብረው ለመሄድ ፈቃደኛ ናቸው።

ለዘመዶቻችን፣ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ፣ የማስቸግራችሁ ነገር አለ። ብር ስትልኩ «ላክሁልሽ» ብላችሁ በቤተሰብ ግሩፕ አትጻፉ፤ ለአንድ ሰው በውስጥ ጻፉ። በቪዲዮ ስትደውሉም «እስቲ ቤታችሁን አሳዩን» አትበሉ፤ ስልኩ ላይ ያለው ዓይን የእናንተ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የሸሹ ሰዎችን ቤት የምትጠብቁ አላችሁ። የእኔን የአባቴን ቤት አንዲት ጎረቤት በየሳምንቱ ከፍታ ትጠርገዋለች፣ ማታ አልፎ አልፎ ኩራዝ ታበራበታለች፣ ሰው ያለበት እንዲመስል። እትዬ፣ ይህን ካነበብሽ ወይም ካነበቡልሽ፣ ላንቺ የምከፍልበት ብር የለኝም። የግቢያችንን ሰው ሳስተምር ግን ከብልሃቶቹ አንዱን የተማርኩት ካንቺ ነው፦ አሁን ግቢያችን ውስጥ ባለቤቷ ለአጨዳ የሄደች ክፍል ሁሉ ማታ ማታ በተራ መብራት ይበራባታል።

በዚህ ሳምንት የሰፈራችን ስብሰባ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሐጃ ግቢ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሐበሻውም ሱዳናዊውም ተጠርቷል። በእናንተ ሰፈር ምን እንደሠራላችሁ በአስተያየት ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ። ለተቋረጠው ተማሪዬ የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ ማደሪያ የሚሰጥ ቤተሰብ ካለም በውስጥ ያናግረኝ። ልጁ ታማኝ ነው፤ ሒሳብም ጎበዝ ነው።

ቸር እንሰንብት። በሩን መቆለፋችሁን አትርሱ።